ጓያና ባቄላ፡- ነርቭን የሚጎዳውም የሚረዳውም ከአንድ ገበያ

በጎንደር ከተማ በፋርማሲ ሙያ ስሠራ በርካታ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፡፡ በእነዚህ ዓመታት ከደንበኞች አፍ ደጋግሜ ከሰማኋቸው አባባሎች አንዱ “የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም” የሚለው ነው፡፡ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም በአንድ ወቅት ከልጃቸው ጋር ወደ ፋርማሲው የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው፡፡ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እርምጃቸው አጭርና የሚጎተት ነው፡፡ ሐኪም ፓርኪንሰን መሆኑን ነግሯቸው ለወራት መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል፡፡ ነገር ግን አንድ ሰው በብልቃጥ ያለ ዱቄት ሸጦላቸው፣ “ይኼ ከዕፅዋት ነው፣ ያኛው ኬሚካል ነው” ስላላቸው የሐኪሙን መድኃኒት አቁመውታል፡፡ ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ አንድም ቃል በብልቃጡ ላይ አልተጻፈም፡፡ ልጁ የመጣው አባቱ ከአልጋ መነሳት እያቃታቸው በመሄዱ ነው፡፡

“ልጄ፣ እኔ እንኳ ከኬሚካሉ ልገላገል ብዬ ነው” አሉኝ፡፡

“አባባ፣ ያቆሙት መድኃኒት እኮ መጀመሪያ የተገኘው ከባቄላ ነው” ስላቸው ፈገግ አሉ፡፡ የምቀልድባቸው መስሏቸው ነበር፡፡

ቀልድ አልነበረም፡፡ ከከተማችን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደን ደምቢያ ሜዳ ላይ ብንቆም ደግሞ የነገሩን ተቃራኒ እናገኛለን፡፡ እዚያ ምንም ፋብሪካ ያልነካው፣ ገበሬው በገዛ ማሳው የሚያመርተው ጥራጥሬ ሰውን ለዕድሜ ልክ ከእግሩ ሲሰብር ኖሯል፡፡ እሱም ጓያ ነው፡፡ ሁለቱም ጥራጥሬዎች በአንድ የቅዳሜ ገበያ ጎን ለጎን ተሰፍረው ይሸጣሉ፡፡ አንደኛው የነርቭ ሕዋስን የሚገድል ንጥረ ነገር ይዟል፤ ሌላው የነርቭ ሕዋሳቸው እየሞተ ላሉ ሰዎች ዋነኛ መድኃኒት የሆነውን፡፡ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን መነሻ አድርጌ፣ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ለነርቭ በሽታዎች ስላላቸው ተስፋና ስለተስፋው ወሰን የሚታወቀውን ለማቅረብ እሞክራለሁ፡፡

ጓያ የሰበረው

ጓያ በክረምቱ መጨረሻ በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ይዘራና በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል፡፡ ድርቅን ይችላል፤ ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም አፈሩን ያዳብራል፡፡ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፡፡ በዚህ ምክንያት ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው በፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም በወሎና በሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ የድሃ ገበሬ መድን ሆኖ ቆይቷል፡፡ በሽሮ፣ በክክ፣ በቆሎ፣ በንፍሮ፣ በቂጣና በእሸት መልክ ይበላል፡፡

ሌላው እህል ሲጠፋና ጓያ ብቻውን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በሕክምናው ቋንቋ ኒውሮላቲሪዝም የሚባለው በሽታ ይመጣል፡፡ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይጀምራል፡፡ ሰውየው ሥራ ውሎ ወይም አድሮ ሲነሳ እግሩ ይከብደዋል፤ ባቱ ይኮማተራል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፡፡ ቀስ በቀስ በእግር ጣቱ መርገጥ ይጀምራል፤ ሲራመድም እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፡፡ አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፣ ሌላው በአንድ፣ ሌላው በሁለት ምርኩዝ፡፡ ክፉኛ የተጎዳው በእጁ ይድኻል፡፡ አእምሮው፣ ንግግሩና የማየት ችሎታው አይነካም፡፡ በሽታው እንደ ሌሎች የነርቭ በሽታዎች እየባሰ አይሄድም፤ ግን አይድንምም፡፡ በብዛት የሚጠቁት ደግሞ ወጣት ወንዶች፣ ማለትም የቤቱ ጉልበት የሆኑት ናቸው፡፡

በደምቢያ ገጠር በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አዛውንት አግኝቼ፣ “አያ፣ ምን አገኘዎት?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፡፡ መልሳቸው “ጓያ ሰበረኝ” የሚል ብቻ ነበር፡፡ በአካባቢው ይህ አባባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡ ሕዝቡ የበሽታውን ምንጭ ሳይንስ ከማረጋገጡ በፊት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል፡፡ የሚያስትበት ቦታ ግን ነበረ፡፡ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይሰብራል፣ በጓያ ማሳ ውስጥ ማለፍ ይሰብራል፣ በገለባው ላይ መተኛት ይሰብራል የሚል እምነት በሰፊው ተሠራጭቷል፡፡ እንዲህ ያለው እምነት እንፋሎቱን የሸሸ ሰው ንፍሮውን ያለ ሥጋት እንዲበላ ያደርገዋል፡፡

በአካባቢያችን እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በወረርሽኝ መልክ የተከሰተው ይኸው በሽታ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በ1978 ተዘግቧል፡፡ ከዚያ ወረርሽኝ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ባደረጉት ጥናት፣ የተሰበሩት ሰዎች አሁንም ከነምርኩዛቸው መኖራቸውን አሳይተዋል፡፡ ጥናቱ የታተመው በ1990 ሲሆን፣ በዓለም ላይ ስለዚህ በሽታ ከሚጠቀሱ መሠረታዊ ሥራዎች አንዱ ነው፡፡

በነገራችን ላይ ጓያ የኛ ብቻ ችግር አልነበረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1671 በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት ለዳቦ እንዳይውል አግደዋል፡፡ በ1811 እና 1812 በማድሪድ በደረሰው ረሃብ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ ሲበላ የሚያሳየውን ሥዕል ፍራንሲስኮ ጎያ ሠርቷል፡፡ በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተኝታ ትታያለች፡፡ የሠዓሊውና የጥራጥሬው ስም መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ደግሞ በቫፕኒያርካ እስር ቤት ጓያ የተመገቡ በርካታ የአይሁድ እስረኞች ሽባ ሆነዋል፡፡ ምክንያቱን የለየው እዚያው ታስሮ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር፡፡

መርዙ እንዴት ይሠራል?

በጓያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፡፡ የህንድ ተመራማሪዎች ነጥለው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፡፡ በ1986 ደግሞ ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩ በጦጣዎች ላይ ተመሳሳይ የእንቅስቃሴ ችግር እንደሚያስከትል በላንሴት መጽሔት አሳይተዋል፡፡

አሠራሩን ለመረዳት ስለ ግሉታሜት ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ግሉታሜት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ነርቮች መልእክት የሚቀባበሉበት ንጥረ ነገር ነው፡፡ አንዱ ነርቭ ይለቀዋል፤ በሌላው ነርቭ ላይ ያለው ተቀባይ ይይዘዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ መልእክቱ ያልፋል፤ በሩም ይዘጋል፡፡ ኦዳፕ በቅርፁ ከግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል፡፡ ስለዚህ በቁልፉ ቦታ ገብቶ በሩን ይከፍታል፡፡ በሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ ሕዋሱም ከመጠን በላይ በመሥራት ራሱን ይጎዳል፡፡ በተጨማሪም ኦዳፕ የነርቭ ሕዋስ ራሱን ከኦክስጅን ውጤቶች የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ያሳንሰዋል፡፡ ግሉታታዮን የሚሠራው ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች ነው፡፡ ጓያ ደግሞ በእነዚህ አሚኖ አሲዶች ድሃ ነው፡፡ በሌላ አነጋገር ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙንም ያገኛል፣ መከላከያውንም ያጣል፡፡

ረሃብ ሲመጣ በሽታው ለምን እንደሚከተል ከዚህ ይገባናል፡፡ አንደኛ፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚቀረው ጓያ ስለሆነ የሚበላው መጠን ይጨምራል፡፡ ሁለተኛ፣ ተክሉ በውኃ እጦት ሲጨነቅ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ከፍ ይላል፡፡ ሦስተኛ፣ የተራበ ሰው አካል የመከላከያ ስንቁ አልቋል፡፡ በአጠቃላይ የሚታወቀው፣ ጓያ ከዕለቱ ምግብ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለሦስት ወራትና ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ሲበላ አደጋው እንደሚጎላ ነው፡፡ አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ የሚበላና የተመጣጠነ ምግብ የሚያገኝ የከተማ ሰው ግን መደንገጥ አይገባውም፡፡

መከላከያው ከወጥ ቤት

የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ነርቭን ሊከላከል ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከሁሉም የሚደንቀው መልስ የተገኘው ከኢትዮጵያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 ከደረሰው ድርቅ በኋላ በወሎ፣ በተለይም በደላንታና ዳውንት አካባቢ ትልቅ ወረርሽኝ ተነሳ፡፡ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተሰበሩ፡፡ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ጋር በመሆን፣ በአንድ መንደር አንዱ ተሰብሮ ሌላው ለምን ተረፈ ብለው ጠየቁ፡፡ ሁለቱም ጓያ በልተዋል፡፡ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት ታተመ፡፡ ጓያን በንፍሮ መልክና በጥሬ እሸት የበሉት የበለጠ ተጠቅተዋል፡፡ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ እንዲሁም እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ ቅመሞች በገቡበት ወጥ መልክ የበሉት ግን የተሻለ ተርፈዋል፡፡ እህሉ ጓያ የሚጎድለውን ሰልፈር ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ይሰጣል፤ ቅመሞቹ ደግሞ ሕዋስን ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን ይዘዋል፡፡ እናቶቻችን ሽሮውን በቅመም የሚያሰናዱት ለጣዕም ነበር፤ ሳያውቁት ነርቭም ሲጠብቁ ኖረዋል፡፡

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ ይህ ጥናት የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ያነጻጸረ እንጂ ነጭ ሽንኩርት እየተሰጣቸው የዳኑ ሰዎችን ያሳየ አይደለም፡፡ በሽታው ከመጣ በኋላ የሚመልሰው ቅመምም ሆነ ክኒን የለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ ቶልፐሪዞን የተባለ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ተሞክሮ መኮማተሩን በመጠኑ አቅልሏል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አልመለሰም፡፡ ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የድሃው ሁኔታ ነው፡፡ በረሃብ ወቅት መጀመሪያ ከቤት የሚጠፉት እህሉና ቅመሙ ናቸው፡፡ መከላከያው የታወቀ ቢሆንም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም፡፡ በመሆኑም የጥናቱ ዋና ምክር ለእርዳታ ሰጪዎች ነበር፡- ጓያ ለሚበላ የተራበ ሕዝብ እህል ቶሎ ይድረስ የሚል፡፡

መርዙ ያስተማረው

ኦዳፕና መሰሎቹ ለሳይንስ አንድ ትልቅ ትምህርት ሰጥተዋል፡፡ የነርቭ ሕዋስ ከመጠን በላይ በመነቃቃት ሊሞት ይችላል፡፡ ይህ ሐሳብ ከጓያ አልፎ እንቅስቃሴን የሚያዝዙ ነርቮች እየሞቱ በሚሄዱበት፣ በምሕፃሩ ኤኤልኤስ በሚባለው ገዳይ በሽታ ምርምር ላይ ትልቅ ቦታ ይዟል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የግሉታሜትን መለቀቅ መቀነስ ነው፡፡ ዕድሜን የሚጨምረው በጥቂት ወራት ቢሆንም ለበሽታው የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር፡፡

ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ኦዳፕ ራሱ በሌላ አገር መድኃኒት መሆኑ ነው፡፡ በጂንሰንግ ቤተሰብ ተክሎች ውስጥ ዴንሲቺን በሚል ስም የሚታወቀውና በቻይና ባህላዊ ሕክምና ደም ለማቆም ከሚውለው ተክል የተገኘው ንጥረ ነገር፣ ከጓያው ኦዳፕ ጋር አንድ ነው፡፡ በደምቢያ “ሰባሪ” የሆነው በቤጂንግ “ደም አቁም” ነው፡፡ ልዩነቱ መጠኑ፣ የሚወሰድበት ጊዜና የወሳጁ ሰው የምግብ ሁኔታ ነው፡፡ በጓያ ውስጥ ከኦዳፕ ሌላ ሆሞአርጂኒን የሚባል አሚኖ አሲድም አለ፡፡ በደማቸው ውስጥ የዚህ ንጥረ ነገር መጠን ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የበለጠ የተጋለጡ ሆነው በመገኘታቸው ተመራማሪዎች ጓያን በአዲስ ዓይን ማየት ጀምረዋል፡፡ ይህ ግን ገና የምርምር ፍንጭ እንጂ ጓያ ብሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም፡፡

የእርሻ ተመራማሪዎችም የበኩላቸውን ሠርተዋል፡፡ ዋሴ የተባለው ኦዳፑ ዝቅተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ተለቋል፡፡ ይሁን እንጂ ንቦች የአንዱን ማሳ የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ስለሚያመላልሱ ዝርያው ከአገሬው ጓያ ጋር ሊዳቀል ይችላል፡፡ የአፈሩና የእርጥበቱ ሁኔታም የኦዳፑን መጠን ይለዋውጠዋል፡፡ ስለዚህ ዝርያው ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፡፡

ባቄላና ፓርኪንሰን

ወደ አዛውንቱ ልመለስ፡፡ ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ነው፡፡ ዶፓሚንን በክኒን ቢሰጡ ወደ አንጎል አይገባም፡፡ ኤል-ዶፓ ወይም ሌቮዶፓ የሚባለው ግን ይገባል፤ እዚያም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል፡፡

ይህን ሌቮዶፓ ከባቄላ ነጥሎ ማንነቱን የለየው በስዊዘርላንዱ የሮሽ መድኃኒት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማርኩስ ጉገንሃይም ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1913 ነበር፡፡ ኬሚስቱ ራሱ ቀምሶት ክፉኛ አስመልሶታል፡፡ ለምን እንደሚጠቅም ግን ማንም አላወቀም ነበር፡፡ ንጥረ ነገሩ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ተሰጥቶ ለውጡ የታየው በ1961 በቪየና፣ በቢርክማየርና በሆርኒኪየቪች አማካይነት ነው፡፡ በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ በመጨመር በአፍ የሚወሰድበትን መንገድ አሳየ፡፡ ከባቄላው እስከ ክኒኑ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ፈጅቷል ማለት ነው፡፡ ሌቮዶፓ ዛሬም የፓርኪንሰን ሕክምና ምሰሶ ነው፡፡ ሕመሙን ያቀልላል፤ የሕዋሳቱን መሞት ግን አያቆምም፡፡

እንግዲህ በዳባትና በወገራ ደጋ የሚመረተውን ባቄላ መብላት ለምን አይበቃም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተሞክሯልም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 በእስራኤል በታተመ ጥናት 6 የፓርኪንሰን ሕሙማን 250 ግራም የበሰለ ባቄላ በልተው እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል፤ በደማቸውም ሌቮዶፓ ከፍ ብሏል፡፡ ችግሩ መጠኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው፡፡ ሌቮዶፓው በብዛት የሚገኘው በእሸቱ፣ በልጣጩና በአበባው ውስጥ ነው፡፡ በደረቀው ፍሬ፣ ማለትም ለክክና ለሽሮ በምንጠቀምበት ውስጥ፣ በጣም ያንሳል፡፡ ከዝርያ ዝርያ፣ ከማሳ ማሳም ይለያያል፡፡ የዘንድሮው እሸት ከአምናው ጋር እኩል ስለመሆኑ ዋስትና የለም፡፡ በተጨማሪም ክኒኑ ውስጥ ከሌቮዶፓ ጋር ካርቢዶፓ የሚባል አጋዥ አለ፡፡ እሱም ሌቮዶፓው አንጎል ከመድረሱ በፊት በደም ውስጥ እንዳይባክን ይከላከላል፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል፡፡ ባቄላ ይህ የለውም፡፡

ሙኩና የተባለው ሌላ የባቄላ ዘመድ ደግሞ ከባቄላ የበለጠ ሌቮዶፓ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመ ጥናት በቦሊቪያ 18 ሕሙማን የተቆላ የሙኩና ዱቄት ተሰጥቷቸው፣ በአንድ ጊዜ ውሰድ ከመደበኛው መድኃኒት ጋር የሚወዳደር ውጤት አሳይቷል፡፡ ለድሃ አገሮች ትልቅ ተስፋ ተደርጎም ተወስዶ ነበር፡፡ በማግሥቱ ዓመት በታተመው ሌላ ጥናት ግን ዱቄቱን ለሳምንታት በየዕለቱ ከወሰዱት 14 ሰዎች ግማሾቹ በሆድ ሕመም ወይም በእንቅስቃሴያቸው መባባስ ምክንያት አቋርጠዋል፡፡ አንድ ቀን የሠራ ነገር ለዓመታት ላይሠራ ይችላል፡፡

ቡና፣ እርድና ሌሎችም

አንባቢዎቼ ስለ ቡና ሳይጠይቁኝ አይቀሩም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በሃዋይ የሚኖሩ 8,004 ጃፓናውያን-አሜሪካውያን ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ቡና የማይጠጡት ብዙ ከሚጠጡት ይልቅ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 5 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ዘግቧል፡፡ ደስ የሚል ዜና ነው፤ በተለይ ለኛ፡፡ ነገር ግን በ2017 የታተመ፣ ፓርኪንሰን ለያዛቸው ሰዎች ካፌይን በክኒን የሰጠ ሙከራ በእንቅስቃሴያቸው ላይ ምንም መሻሻል አላሳየም፡፡ ቡና ጠጪዎች በበሽታው ያነሰ መያዛቸው አንድ ነገር ነው፤ ቡና በሽታውን ያክማል ማለት ሌላ ነው፡፡

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በአይጥና በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ አስደናቂ ነገሮች አድርጓል፡፡ በሰው ላይ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቅም አላሳዩም፡፡ ጊንኮ የተባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል “ለማስታወስ ችሎታ” ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፡፡ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎችን ለስድስት ዓመት ያህል ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን ያወጣው የአሜሪካ ጥናት ግን የመርሳት በሽታን እንደማይከላከል ደምድሟል፡፡

በሌላ በኩል የተሳካላቸውም አሉ፡፡ ጋላንታሚን ከአንዲት ትንሽ የአበባ ተክል የተገኘ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ በቡልጋሪያ ለሌላ የነርቭና የጡንቻ ችግር ሲያገለግል ቆይቶ በ2001 በአሜሪካ ለአልዛይመር ተፈቅዷል፡፡ በመጠኑ ይረዳል፤ በሽታውን ግን አያቆምም፡፡ እንግዲህ ከዕፅዋት የተገኙት ስኬታማ መድኃኒቶች የጋራ ባሕርይ ምንድን ነው ብንል፣ ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ ታውቋል፣ መጠኑ ተለክቷል፣ በሰው ላይ ከማስመሰያ ክኒን ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኗል፣ ጉዳቱም ተጽፏል፡፡ የአዛውንቱ ብልቃጥ ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም፡፡

ይህን ስል የባህል መድኃኒት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፡፡ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ተመራማሪዎች የአገራችንን ዕፅዋት በአይጥ ላይ እየፈተሹ ነው፡፡ ግን አይጥ ላይ የታየ ውጤት ጥያቄውን ይከፍታል እንጂ አይዘጋውም፡፡

ለአንባቢ የሚጠቅሙ ነጥቦች

በሙያዬ ደጋግሜ የምመክራቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ፡፡

አንደኛ፣ ጓያ የሚበላ ቤተሰብ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ በሽንኩርትና በቅመም ሠርቶ ይብላ፡፡ ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎም ውኃውን ማፍሰስ የመርዙን ከፍተኛ ድርሻ ይቀንሳል፡፡ የተዘፈዘፈበት ውኃ ለወጥ መዋል የለበትም፡፡ ንፍሮና ጥሬ እሸት በብዛት መብላት ይቅር፡፡ እንፋሎቱንና ገለባውን መፍራት ግን አያስፈልግም፡፡

ሁለተኛ፣ ጓያ በብዛት በሚበላበት ጊዜ እግሩን የከበደው፣ ባቱ የተኮማተረ ወይም ድንገት መሮጥ ያቃተው ሰው ካለ በዚያው ቀን ጓያውን ያቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ፡፡ የተሰበረው ባይመለስም እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፡፡

ሦስተኛ፣ ሌቮዶፓ የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፡፡ በድንገት ማቆም ከባድ ግትርነትና ከፍተኛ ትኩሳት አስከትሎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል፡፡ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ የመድኃኒቱን መግባት ስለሚቀንስ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መውሰድ የተለመደ ነው፡፡ በእሸት ወቅት ብዙ የባቄላ እሸት የሚበላ ታማሚ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ሊዛባ ይችላልና፡፡

አራተኛ፣ የዕፅዋት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አያፍር፤ ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ ይናገር፡፡ ሐኪሙም አይቆጣ፡፡ ቁጣ ሕሙማንን ዝም ያሰኛል እንጂ ዱቄቱን አያስጥላቸውም፡፡

አዛውንቱ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ወደ መድኃኒታቸው ተመልሰዋል፡፡ ከወራት በኋላ ሲመጡ ብርጭቆ በእጃቸው መያዝ ችለው ነበር፡፡ “የባቄላውን ስጠኝ” ብለው ነው መድኃኒቱን የጠየቁኝ፡፡ በደምቢያ ያገኘኋቸው አዛውንት ግን ምርኩዛቸውን የሚያስጥል መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፡፡ ለእሳቸው የሚሆነው መድኃኒት ከመሰበራቸው በፊት ሊደርስ የሚገባው አንድ ቁና እህል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰሜን ጎንደር እንደ ጃናሞራና በየዳ ባሉ ወረዳዎች የደረሰው ድርቅ እንዳሳየን ያ ዓይነቱ ዘመን ጨርሶ አላለፈም፡፡ ዝናብ ባጠረና ጓያ ብቻ በቀረ ቁጥር እህሉ ከወረርሽኙ ቀድሞ መድረስ አለበት፡፡ ይህን ለማወቅ ተጨማሪ ምርምር አያስፈልገንም፤ በገዛ አገራችን ተጠንቶ ተጽፏልና፡፡